በአንድ ጣት መናገር፦ የፊደል ገበታና ኮምፒዩተር ለአካል ጉዳተኞች

የሳይንስና የኑሮ ትምህርት፤ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆች



አባቶቻችን «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ሁለቱ ተረቶች የሚቃረኑ ይመስላሉ። ይሁንና ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ መናገር ሲፈልግ የሚናገር፣ ዝም ማለት ሲፈልግ ዝም የሚል ሰው። ዛሬ የምንማረው ግን ይህ ምርጫ ስለሌለው ሰው ነው። ጆሮው ይሰማል፣ አእምሮው ያስባል፤ አንደበቱና እጁ ግን አይታዘዙለትም። እንዲህ ያለ ሰው ውሃ ሲጠማው «ውሃ ስጡኝ» ለማለት እንኳ ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል።

በዚህ ረገድ ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎችን ረድቷል። እኛ ጋ ኮምፒዩተር በየቤቱ የለም። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የሚሠራበት ብልሃት ከሰነበተው የፊደል ገበታችን ጋር በጣም ይመሳሰላል። ስለዚህ ብልሃቱን ከተረዳን በካርቶንና በእስክሪፕቶም ልንሠራው እንችላለን።

ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲጨርሱ፦

1. መናገር አለመቻልና ማሰብ አለመቻል የተለያዩ መሆናቸውን ያስረዳሉ፤
2. በአንድ ቁልፍ ብቻ ቃል መጻፍ እንዴት እንደሚቻል በስሌት ያሳያሉ፤
3. ለቤታቸው ወይም ለጎረቤታቸው የሚያገለግል የመነጋገሪያ ገበታ ይሠራሉ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ዝምታው ከየት ይመጣል?

ሰው እንዲናገር ከአንጎል የሚነሣው ትእዛዝ በነርቭ በኩል ወደ ደረት፣ ወደ ጉሮሮ፣ ወደ ምላስና ወደ ከንፈር ጡንቻዎች መድረስ አለበት። ትእዛዙ በመንገድ ላይ ከተቋረጠ ወይም ከተዛባ ሰውየው የሚፈልገውን ቃል እያወቀ ሊያወጣው አይችልም።

ለዚህ ምክንያት የሚሆኑ ብዙ ችግሮች አሉ። አንዳንድ ሕፃን ከመወለዱ በፊት፣ ሲወለድ ወይም በጨቅላነቱ አንጎሉ ይጎዳና ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው ችግር ይደርስበታል። እጅና እግሩ ይገታተራሉ ወይም ያለ ፈቃዱ ይንቀሳቀሳሉ፤ ንግግሩም ይጎተታል። አንዳንድ ጎልማሳ ወይም አረጋዊ ደግሞ በአንጎሉ ውስጥ ደም ሲረጋ ወይም ሲፈስ ስትሮክ ይመታዋል። ጡንቻ የሚያዝዙትን ነርቮች ቀስ በቀስ የሚያደክም በሽታም አለ። በመኪና አደጋና በጦርነት ጉዳት አከርካሪያቸው ተመቶ እጃቸው የማይሠራላቸውም ብዙዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ስትሮክ አንዳንድ ጊዜ ቋንቋ የሚገኝበትን የአንጎል ክፍል ራሱን ይጎዳል። በዚያን ጊዜ ፊደል ማሳየት ብቻውን ላይረዳ ይችላል፤ ሥዕልና ምልክት ይሻላል። ሴሬብራል ፓልሲ ካላቸው ሰዎች መካከልም ለመማር የሚቸገሩ አሉ፤ አእምሮአቸው ምንም ያልተነካም ብዙዎች ናቸው። የትኛው እንደሆነ ግን ፊት በማየት አይታወቅም። ምራቁ የሚዝረበረብ ወይም አንገቱ የማይቆምለት ልጅ ምንም አያውቅም ብሎ መፍረድ ትልቅ ስሕተት ነው። ማወቅ የሚቻለው የመነጋገሪያ መንገድ ሲሰጠው ብቻ ነው።

ለ. ከኮምፒዩተር በፊት የነበረው ጥረት

በ1960 አካባቢ በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል በሚባለው ሆስፒታል ሬግ ማሊንግ የተባለ ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ አንድ መሣሪያ ሠራ። በሆስፒታሉ ከአንገት በታች የማይንቀሳቀሱ ሕመምተኞች ነበሩ። መሣሪያው በቀጭን ቱቦ አየር በመንፋትና በመሳብ የሚታዘዝ ነበር። ሕመምተኛው በትንፋሹ ደወል ይደውላል፣ መብራት ያበራል፣ የጽሕፈት መኪናም ያስመታል። ስሙ ፖሰም ይባላል፤ ቃሉም በላቲን ቋንቋ «እችላለሁ» ማለት ነው።

በአየርላንድ በ1965 የተወለደው ክሪስቶፈር ኖላን ሲወለድ አየር አጥሮት ሰውነቱ ሽባ ሆነ፤ መናገርም አልቻለም። እናቱ ግን ልጄ ይሰማኛል ብላ አላቋረጠችም። በማድ ቤቷ ውስጥ ፊደላትን ሰቅላ ሥራዋን እየሠራች ታወራው ነበር። ዕድሜው 11 ዓመት ገደማ ሲሆን አንገቱን ትንሽ የሚያላላ መድኃኒት አገኘ። ከዚያ በግንባሩ ላይ በታሰረ እንጨት፣ እናቱ አገጩን እየደገፈችለት፣ የጽሕፈት መኪና ቁልፎችን አንድ በአንድ መምታት ጀመረ። በ1981 የመጀመሪያ መጽሐፉ ታተመ። በ1987 ደግሞ የሕይወት ታሪኩን የጻፈበት ሁለተኛ መጽሐፉ ዊትብሬድ የተባለውን ታላቅ የእንግሊዝ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ። ኖላን በ2009 አረፈ።

ሦስተኛው ምሳሌ ከፈረንሳይ ነው። ዣን ዶሚኒክ ቦቢ የአንድ ታዋቂ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1995 ስትሮክ መታው። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሲነቃ የሚታዘዝለት የግራ ዓይኑ ቆብ ብቻ ነበር። አንዲት ረዳት አጠገቡ ተቀምጣ ፊደላትን ትጠራለች፤ የፈለገው ፊደል ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እሷም ትጽፋለች። በዚህ መንገድ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ በመጋቢት 1997 ታተመ፤ እሱም በዚያው ወር ሞተ።

በቦቢ ታሪክ ውስጥ ለትምህርታችን የሚጠቅም አንድ ብልሃት አለ። ረዳቷ ፊደላቱን የምትጠራው በተለመደው ቅደም ተከተል አልነበረም። በፈረንሳይኛ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ፊደላት፣ እነ ኧ፣ ኤስ፣ አ፣ ኤር፣ ኢ፣ ኤን፣ አስቀድመው ይጠሩ ነበር። እምብዛም የማይመጡት ወደ መጨረሻ ተገፍተዋል። በዚህ ብዙ ጊዜና ብዙ ድካም ተቆጥቧል።

ሐ. ስቲቨን ሆኪንግና ኮምፒዩተሩ

በዓለም ላይ በኮምፒዩተር በመናገር እጅግ የታወቀው ሰው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ ነው። ጥር 8 ቀን 1942 ተወለደ። የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በ1963፣ ጡንቻ አዛዥ ነርቮችን የሚያደክም በሽታ እንደያዘው ታወቀ። ሐኪሞች ብዙ ዕድሜ አልሰጡትም ነበር። እሱ ግን 76 ዓመት ኖሮ መጋቢት 14 ቀን 2018 አረፈ።

በ1985 ወደ ጄኔቫ ሄዶ ሳለ በሳንባ ምች ታመመ። ሕይወቱን ለማዳን ሐኪሞች ጉሮሮውን ከፍተው የአየር መተላለፊያ አበጁለት። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀድሞም ደክሞ የነበረው ድምፁ ግን ጨርሶ ጠፋ። ለጥቂት ጊዜ የሚነጋገረው ፊደላት በተጻፉበት ካርድ ነበር። አንድ ሰው ፊደሉን ሲያመለክትለት ሆኪንግ ቅንድቡን ብድግ ያደርጋል። እኛ ኢትዮጵያውያንም «አዎ» ለማለት ቅንድባችንን ብድግ እናደርጋለን አይደለም? ያ ትንሽ ምልክት ለአንድ ሊቅ ብቸኛ መናገሪያው ሆነ ማለት ነው።

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የሚኖር ዋልተር ዎልቶሽ የተባለ ሰው ይህን ሰማ። ዎልቶሽ ተመሳሳይ በሽታ ለያዛቸው ለሚስቱ እናት ሲል በኮምፒዩተር የመጻፊያ ዘዴ ማበጀት የጀመረ ሰው ነበር። ኢኳላይዘር የሚባለውን ፕሮግራም ለሆኪንግ ላከለት። ዴቪድ ሜሰን የተባለ መሐንዲስ ደግሞ ትንሽ ኮምፒዩተርና የድምፅ መሣሪያ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ገጠመለት። ሆኪንግ በእጁ አንድ ስዊች ብቻ እየተጫነ በደቂቃ እስከ 15 ቃል መናገር ቻለ። በ1988 የወጣውንና ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠውን ስለ ዓለም አፈጣጠርና ስለ ጊዜ የሚያወሳ መጽሐፉን ያጠናቀቀው በዚህ መሣሪያ እየታገዘ ነው።

በኋላ እጁም ደከመ። ያን ጊዜ ከመነጽሩ ጋር የተያያዘ ትንሽ መሣሪያ የጉንጩን እንቅስቃሴ በማይታይ ብርሃን እያነበበ የስዊቹን ሥራ ተካ። ፍጥነቱ ወደ መጨረሻው በደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ሆነ። ሆኖም ማስተማሩንና መጻፉን አላቆመም። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ የሠራለትን አዲስ ፕሮግራም በ2015 ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ለቅቆታል።

የሆኪንግ ድምፅ ራሱ ታሪክ አለው። የድምፁ መነሻ ዴኒስ ክላት የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። ክላት የራሱን ድምፅ እየመረመረ ኮምፒዩተር ሊያወጣው የሚችል ንግግር አበጀ። ክላት በ1988 ሞተ። ከእሱ ድምፅ የተሠራው ንግግር ግን በሆኪንግ ወንበር ላይ ሌላ 30 ዓመት ያህል ሲሰማ ኖረ።

መ. መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ሁሉ ሦስት ክፍል አለው።

አንደኛው መግቢያ ነው። ሰውየው ከሰውነቱ የሚያዝዘውን አንዱን ነገር ይፈልጓል፤ ጣት፣ ጉልበት፣ አገጭ፣ ትንፋሽ፣ ጉንጭ፣ ዓይን። በዚያ ላይ እንደ መብራት ማብሪያ ያለ አንድ ስዊች ይገጠማል። ብዙ እንቅስቃሴ አያስፈልግም፤ ሰውየው ሲፈልግ ብቻ የሚያደርገው አንድ እንቅስቃሴ ይበቃል።

ሁለተኛው መራጭ ነው። በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ፊደላት ይደረደራሉ። ብርሃን በፊደላቱ ላይ ተራ በተራ ያልፋል። ይህ ቅኝት ይባላል። ብርሃኑ የተፈለገው ፊደል ላይ ሲደርስ ሰውየው ስዊቹን ይጫናል፤ ፊደሉም ይጻፋል። ጥሩ ፕሮግራም ቃልም ይገምታል። ለምሳሌ «እን» ተብሎ ሲጻፍ «እንዴት»፣ «እንጀራ»፣ «እንደምን» የሚሉትን ቃላት ያቀርባል። ሰውየው የሚፈልገው ከመካከላቸው ካለ አንድ ጊዜ በመጫን ሙሉውን ቃል ያገኛል።

ሦስተኛው መውጫ ነው። የተጻፈው በመስኮቱ ላይ ይነበባል፣ በወረቀት ይታተማል፣ ወይም በድምፅ ይነገራል።

ሠ. የፊደል ገበታችንና ቅኝት

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል እንምጣ። እንግሊዝኛ 26 ፊደላት አሉት። የእኛ ገበታ 33 ረድፍ ሲሆን እያንዳንዱ ረድፍ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ፊደላት አሉት። 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ «ለአማርኛ እንዲህ ዓይነት መሣሪያ አይሆንም፤ ፊደሉ በዛ» ሊል ይችላል። እስቲ በስሌት እንየው። የምንጽፈው ቃል «ውሃ» ይሁን።

አንደኛ ዘዴ፦ ከሀ ጀምሮ ፊደላቱን በሙሉ አንድ በአንድ መቃኘት። የወ ረድፍ 19ኛ ነው። ከእሱ በፊት 18 ረድፎች፣ ማለትም 126 ፊደላት አሉ። ው ሳድስ ስለሆነ 126 እና 6 ተደምሮ 132ኛ ላይ ይገኛል። ሃ በመጀመሪያው ረድፍ ራብዕ ስለሆነ 4ኛ ነው። ድምሩ 136 እርምጃ ነው። ብርሃኑ በሰከንድ አንድ እርምጃ ቢሄድ ውሃ ለመጠየቅ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጃል።

ሁለተኛ ዘዴ፦ መጀመሪያ ረድፉን፣ ቀጥሎ በረድፉ ውስጥ ፊደሉን መምረጥ። ለው 19 ረድፍና 6 ፊደል፣ በጠቅላላው 25 እርምጃ ይሆናል። ለሃ 1 እና 4፣ በጠቅላላው 5 እርምጃ ይሆናል። ድምሩ 30 ብቻ ነው።

ሦስተኛ ዘዴ፦ ረድፎቹን በስድስት ምድብ መክፈል።

ምድብ 1፦ ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ
ምድብ 2፦ ሰ ሸ ቀ በ ተ ቸ
ምድብ 3፦ ኀ ነ ኘ አ ከ ኸ
ምድብ 4፦ ወ ዐ ዘ ዠ የ ደ
ምድብ 5፦ ጀ ገ ጠ ጨ ጰ ጸ
ምድብ 6፦ ፀ ፈ ፐ

መጀመሪያ ምድብ፣ ቀጥሎ ረድፍ፣ ቀጥሎ ፊደል ይመረጣል። ው በ4ኛው ምድብ፣ በ1ኛው ረድፍ፣ 6ኛ ፊደል ነው፤ 11 እርምጃ። ሃ በ1ኛው ምድብ፣ በ1ኛው ረድፍ፣ 4ኛ ፊደል ነው፤ 6 እርምጃ። ድምሩ 17 ነው። ሃ ብቻዋን በሁለተኛው ዘዴ 5 ነበረች፤ አሁን አንድ እርምጃ ጨምራለች። ሩቅ ያሉት ፊደላት ግን እጅግ ቀርበዋል። በዚህ ዘዴ ከ18 እርምጃ በላይ የሚፈልግ ፊደል በገበታው ላይ አንድም የለም።

እንግዲህ ከ136 ወደ 30፣ ከ30 ወደ 17 ወረድን። ፊደላችን በረድፍና በዓምድ የተደረደረ መሆኑ ለዚህ ሥራ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። በድምፅ ተመሳሳይ የሆኑትን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ለጊዜው ብንተዋቸው ደግሞ 28 ረድፍ ብቻ ይቀራል። «ውኃ» በማንኛውም ሀ ቢጻፍ ለጠማው ሰው ያው ነው።

ረ. ኮምፒዩተር አማርኛ እንዲያነብና እንዲናገር

ድሮ የአማርኛ ፊደል ለኮምፒዩተር የሚያዘጋጁ ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር ለፊደላቱ ይሰጡ ነበር። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ቁጥር በሦስተኛ እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል አካተተ። ከዚያ ወዲህ አማርኛ በማንኛውም አዲስ ኮምፒዩተርና ስልክ ላይ ሊነበብ ቻለ። ለአካል ጉዳተኞችም ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ መሣሪያው ፊደሉን ካላወቀው ሊናገርለት አይችልምና።

ድምፅ ማውጣት ግን ሌላ ችግር አለው። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል ተለይቶ አይታይም። «አለ» የሚለው ቃል ለ ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ «አልደረሰም» ማለት ነው። እኛ ከዐረፍተ ነገሩ እንለየዋለን፤ ማሽኑ ግን መማር አለበት።

ሆኖም ሥራው ተጀምሯል። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ግን የብረት ድምፅ ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ መቅደስና አምሃ የተባሉ፣ የሰው ድምፅ የሚመስሉ የሴትና የወንድ የአማርኛ ድምፆች አዘጋጅቷል፤ እነዚህ በኢንተርኔት የሚሠሩ ናቸው።

ሰ. በጅቡቲ በእጃችን ያለው ምንድን ነው?

የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ባወጡት ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች መነጽርን፣ ተሽከርካሪ ወንበርንና የመነጋገሪያ መሣሪያን ከመሰሉ አጋዥ መሣሪያዎች ቢያንስ አንድ ያስፈልጋቸዋል። ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጉት አያገኙም። እኛም ከእነዚህ መካከል እንገኛለን። ቢሆንም ባዶ እጃችንን አይደለንም።

ስልክ፦ በብዙ ቤት አንድ ስማርት ስልክ አለ። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ስዊች አክሰስ፣ በአይፎን ላይ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ ስዊች ኮንትሮል የሚባል አገልግሎት አለ። ሁለቱም ቅኝትን ይጠቀማሉ። ከ2021 ወዲህ ባሉት የአንድሮይድ ስልኮች ካሜራው ፈገግታን ወይም የቅንድብ ብድግታን እንደ ስዊች ሊያነብ ይችላል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለውን ክፈቱና ተመልከቱ።

ኮምፒዩተር፦ በአንድ እጁ ወይም በአንድ ጣቱ ብቻ የሚጽፍ ተማሪ ካለ ስቲኪ ኪይስ የሚባለውን ይጠቀም። በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ጠ ለመጻፍ ሺፍትን ይዞ የቲን ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል፤ ይህም ሁለት ጣት ይጠይቃል። ስቲኪ ኪይስ ሲበራ ግን ሺፍትን መትቶ መልቀቅና ቀጥሎ ቲን መምታት ይበቃል። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ ብትመቱ ይህን አገልግሎት ላብራው ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ያለ ነው፤ ገንዘብ አይከፈልበትም።

ካርቶን፦ በሙቀቱ ወራት መብራት ሲሄድና የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ የማይጠፋው መሣሪያ ይህ ነው። ከላይ ያሉትን ስድስት ምድቦች በትልልቁ በካርቶን ላይ ጻፉ። ላብና እርጥበት እንዳያበላሸው በፕላስቲክ ሸፍኑት። በጀርባው ላይ በየቀኑ የሚያስፈልጉትን ቃላት አስፍሩ፤ ውሃ፣ ምግብ፣ ሙቀት፣ ሕመም፣ ሽንት ቤት፣ አገላብጡኝ፣ ደክሞኛል፣ ተዉኝ፣ አመሰግናለሁ። ማንበብ ለማይችል ሰው ሥዕል ሳሉ።

በዚህ ከተማ ሌላም ነገር አትርሱ። ሕመምተኛው ሆስፒታል ሲገባ ነርሷ አማርኛ ላታውቅ ትችላለች። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቃል ሥር የአገሩን ቋንቋዎች ጻፉ። ውሃ በፈረንሳይኛ «ኦ»፣ በዐረብኛ «ማእ»፣ በሶማልኛ «ቢዮ»፣ በአፋርኛ «ሌ» ይባላል። ሐኪሞቹ እንዲያነቡት በየቋንቋው ፊደል ማስጻፍ ያስፈልጋል። ለዚህም ከጅቡቲያውያን ጎረቤቶቻችሁና ከመምህሮቻችሁ ጠይቁ።

ሸ. ረዳት ለሚሆን ሰው መመሪያ

1. መጀመሪያ የ«አዎ» ምልክት ወስኑ። ዓይን መጨፈን፣ ቅንድብ ብድግ ማድረግ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ መሳብ ወይም ጣት ማንቀሳቀስ ሊሆን ይችላል። ለ«አይደለም» የተለየ ምልክት ይኑር። መልሱን በምታውቁት ጥያቄ ፈትኑት፤ «ስምህ እገሌ ነው?» እንደማለት።
2. ፊት ለፊት ሆናችሁ ምድቡን ቀስ ብላችሁ ጥሩ፤ «ምድብ አንድ? ምድብ ሁለት?» ምልክቱ ሲመጣ ወደ ረድፍ፣ ከዚያ ወደ ፊደል ሂዱ።
3. የተመረጠውን ፊደል ወዲያው ጻፉ። በቃል አትያዙ።
4. ቃሉን ገምታችሁ ከሆነ «እንዲህ ልትል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳትጠይቁ አትጨርሱለት፤ አሳቡ የእሱ ነውና።
5. ታገሡ። መልስ ካልመጣ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ለእናንተ አጭር የሆነው ጊዜ ለእሱ ጡንቻ ሩጫ ሊሆን ይችላል።
6. የጤና ወይም የግል ነገር ከሆነ የጻፈውን ለሌላ አታውሩ።
7. ለመጠየቅ ብቻ አትቅረቡት። ይቀልድ፣ ይቆጣ፣ ይከራከር። «ምሳ ትበላለህ?» ብቻ የሚባል ሰው «አዎ» እና «አይደለም» ብቻ ይዞ ይቀራል።

ወላጆች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ከሆነ ከእንግዳ ፊት አትደብቁት። ሌሎቹን ልጆች ፊደል ስታስቆጥሩ እሱንም አጠገባቸው አስቀምጡት። ዓይኑን ተከታተሉ። ሀሁን በቃሉ ያወቀ ልጅ በቤታችሁ ኖሮ ማንም ሳይጠይቀው ሊያድግ ይችላል። ይህ እንዳይሆን የሚያስፈልገው ወጪ አንድ ካርቶንና በቀን ግማሽ ሰዓት ነው።

ቀ. ሕግ ምን ይላል?

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2006 ጸደቀ። ኢትዮጵያ በ2010፣ ጅቡቲ በ2012 ተቀብለውታል። አንቀጽ 21 አካል ጉዳተኞች በመረጡት የመነጋገሪያ መንገድ አሳባቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ ከንግግር ሌላ የሆኑ የመነጋገሪያ ዘዴዎችም በዚህ ውስጥ ተጠቅሰዋል። ስለዚህ የፊደል ገበታ ይዞ ወደ ክፍል የሚገባ ተማሪ ወይም ወደ ሐኪም የሚሄድ ሕመምተኛ ውለታ አይለምንም፤ መብቱን ይጠቀማል። በጅቡቲ በ2017 የወጣው የስደተኞች ሕግም ስደተኞች የትምህርትና የጤና አገልግሎት እንዲያገኙ ይፈቅዳል። በ2018 የተቋቋመ ብሔራዊ የአካል ጉዳተኞች ኤጀንሲም በአገሩ አለ። ስለ ድጋፍ ስትጠይቁ እነዚህን እያነሣችሁ ጠይቁ።

የቃላት ፍች

ስዊች፦ ሲጫኑት ወይም ሲነኩት ለመሣሪያ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ቁልፍ።
ቅኝት፦ ፊደላትን ወይም ሥዕሎችን ተራ በተራ እያሳዩ የተፈለገውን ማስመረጥ።
ረድፍ፦ ወደ ጎን የተሰለፉ፤ ለምሳሌ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ።
ዓምድ፦ ወደ ታች የተሰለፉ፤ ለምሳሌ ሀ ለ ሐ መ።
ዩኒኮድ፦ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቋሚ ቁጥር የሰጠ ሥርዓት።

መልመጃ

1. «እናት» የሚለውን ቃል በሦስቱም ዘዴዎች ስንት እርምጃ እንደሚፈጅ አስሉ።
2. ከአማርኛ መጽሐፋችሁ አንድ ገጽ ወስዳችሁ የትኛው ረድፍ ብዙ ጊዜ እንደሚመጣ ቁጠሩ። የትኛውስ ዓምድ ይበዛል? ባገኛችሁት መሠረት፣ በቦቢ ረዳት ብልሃት፣ ስድስቱን ምድቦች እንደገና ደርድሩ።
3. ከጓደኛችሁ ጋር ተቀመጡ። አንዳችሁ ሳትናገሩና እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ፣ በዓይን ብቻ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ንገሩ። ስንት ደቂቃ ፈጀ? በመካከሉ ምን ተሰማችሁ? በአምስት መስመር ጻፉ።
4. በአካባቢያችሁ ገበታው የሚጠቅመው ሰው ካለ ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ ሠርታችሁ ስጡ። አሠራሩንም አብራችሁ አሳዩ።

የ1ኛው ጥያቄ መልስ፦ በአንደኛው ዘዴ 282፣ በሁለተኛው 57፣ በሦስተኛው 35 እርምጃ። የእናንተ መልስ ከዚህ ከተለየ ረድፎቹን እንደገና ከሀ ጀምራችሁ ቁጠሩ።